«ሰማያዊ ጽጌረዳ» አለበት የተባለውን የችግኝ ካርቶን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ «አበባና ቅመም ከዘር ጀምሮ በቤትዎ ያፍሉ» እየተባለ የሚሸጠውን የችግኝ ካርቶን አትግዙ። የማወራው ስለ አንድ ሻጭ ብቻ አይደለም። ያው ዕቃ፣ ያው ፎቶ፣ ያው የማስታወቂያ ጽሑፍ በተለያየ የቻናል ስም ይዞራል፤ የሚለያየው ዋጋው ነው። ጎረቤታችን የሆኑ እናት 1,400 ብር ከፍለውበታል፤ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ በ950 ብር አግኝቶ «በርካሽ መታሁት» ብሎ ነበር። የደረሳቸው ግን አንድ ዓይነት ነው።

በረንዳ ላይ ችግኝ ማፍላት የቆየ ልማዴ ስለሆነ በሰፈራችን አልበቅል ያለ ነገር ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ይህም ካርቶን እንደዚያው መጣ። ውስጡ ያለው ይህ ነው፦ ስስ የፕላስቲክ ትሪ ከነግልጽ ክዳኑ፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ እንደ ኪኒን የተጠፈጠፈ አፈር፣ በትንሽ ፌስታል የታሰረ ሰማያዊ ማዳበሪያ፣ እና የዘር ፓኬቶች። ትሪውና አፈሩ ምንም አይወጣላቸውም፣ ይሠራሉ። ግን የእንቁላል ካርቶንና ከአሸዋ ጋር የተደባለቀ የበሰለ ፍግም ይሠራል። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለፓኬቶቹ ነው፤ ተንኮሉም ያለው እዚያ ነው።

ፓኬቶቹ ላይ ፎቶ አለ፣ የቻይንኛ ጽሑፍ አለ፣ ከላይ ደግሞ በአማርኛ የተለጠፈ ወረቀት፦ «ሰማያዊ ጽጌረዳ»፣ «ቀስተ ደመና ጽጌረዳ»፣ «ጥቁር ጽጌረዳ»፣ «ቱሊፕ»፣ «ላቬንደር»፣ «የጥብስ ቅጠል»፣ «በሶብላ»። ዘሩ መቼ እንደታሸገ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ማን እንዳመረተው፣ ከመቶው ስንቱ እንደሚበቅል የሚናገር አንድም መስመር የለም። ደህና የዘር ፓኬት ግን ከፎቶው ይልቅ እነዚህን ነው የሚያስቀድመው።

ሦስቱን የጽጌረዳ ፓኬቶች ቀድጄ ነጭ ሳህን ላይ ጎን ለጎን አፈሰስኳቸው። ሦስቱም አንድ ናቸው፦ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ስስ ፍሬ። ቃሪያ ሰንጥቆ ለስንግ ያዘጋጀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጽጌረዳ ዘር እንዲህ አይደለም። አበባው ረግፎ በቦታው ከሚቀረው ቀይ ፍሬ ውስጥ የሚወጣ፣ ጠጠር የመሰለ፣ ጎንና ማዕዘን ያለው ደረቅ ነገር ነው። ያም ሆኖ ዘራኋቸው። የበቀለው ቃሪያ ነው። «ላቬንደር» የተባለውማ የባሰ ነበር። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ድብልብል ጥቁር ፍሬ ነው፤ የላቬንደር ዘር ደግሞ ሞላላና የሚያብረቀርቅ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ጎነቆለ፤ ጫፋቸው ወደ ውስጥ የተሰረጎደ፣ የልብ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቅጠሎች አወጣ። ጎመን ነው። ጎመን በጤና ይባል የለ፣ ግን በዚህ ዋጋ አይደለም።

አሁን ወደ ሰማያዊው ጽጌረዳ። ብዙ ሰው የሚሳበው በእሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ጽጌረዳ በተፈጥሮው ሰማያዊ ቀለም የሚሠራበት መንገድ የለውም፤ ሌሎች ሰማያዊ አበቦች የሚያመርቱትን ንጥረ ነገር እሱ አያመርትም። ሰንቶሪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለዓመታት ለፍቶ፣ ከፓንሲ አበባ ዘረ መል ወስዶ ጽጌረዳ ውስጥ አስገብቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ አደረገ፤ አበባውንም በ2009 በጃፓን ገበያ አቀረበ። እሱም ቢሆን ዓይን ላይ ሲታይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው፤ የተሸጠውም ተቆርጦ በአበባነት እንጂ በዘር አልነበረም። በሠርግና በምርቃት የምናየው ደማቅ ሰማያዊ ጽጌረዳ ደግሞ ነጭ አበባ ቀለም ተነክሮ ወይም ቀለም ያለው ውሃ ጠጥቶ ነው። ቀስተ ደመናውም ያው ነው፦ ግንዱ ተሰንጥቆ እያንዳንዱ ስንጣቂ በተለያየ ቀለም ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቀለም ዘር አይሰጥም።

እውነተኛ የጽጌረዳ ዘር ቢሆንስ? ለመብቀል ሳምንታትና ወራት ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ይፈልጋል፤ ቢበቅልም እናቱን አይመስልም። ዝዋይ፣ ሆለታ፣ ቢሾፍቱ ባሉት የአበባ እርሻዎች የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፦ ጽጌረዳ የሚባዛው ቅርንጫፉን ቆርጦ በመትከልና በሌላ ጽጌረዳ ግንድ ላይ በማጣበቅ ነው፤ ዘር የሚዘራ ሰው አታዩም። ቱሊፕም ከሽንኩርት መሰል ኮረቱ ነው የሚተከለው። ከዘር ቢጀመር ለማበብ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስድበታል፤ በዚያ ላይ ጠንካራ ክረምት ካላገኘ አያምርበትም፤ የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ለእኛ እንጂ ለእሱ አይበቃውም።

የጥብስ ቅጠሉ ነገር ትንሽ ለየት ይላል፤ ዘሩ አለ፣ ይሸጣልም። ግን አበቃቀሉ ቀርፋፋና ሰነፍ ነው፤ ከተዘራው አብዛኛው ሳይወጣ ይቀራል። ከጎረቤት አጥር አንድ ቅርንጫፍ ለምኖ፣ 10 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ እርጥብ አሸዋ ውስጥ መሰካት እያለ ለዘሩ መክፈል ምን የሚሉት ነው? ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ሥር ይይዛል። ከዘር ሲሆን ያንን ያህል ቁመት ለመድረስ ዓመቱን ነው የሚፈጀው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የትዕግሥቱ ጨዋታ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የአማርኛ መመሪያ «ክዳኑን ለ45 ቀን አይክፈቱ፣ ዘሩን ቆፍረው አይዩ፣ ካዩት ይበላሻል» ይላል። ጎረቤታችን በሁለተኛው ሳምንት ሲደውሉ ሻጩ «ማዘር፣ ትንሽ ይታገሡ፣ የውጭ ዘር ስለሆነ ነው» አላቸው። ቆይተው ሲደውሉ «ውሃ አብዝተውበት ነው»። ቆይተው ሲደውሉ ስልኩ አይነሳም፣ ከቻናሉም ተወግደዋል። ይህ የቸልተኝነት ነገር አይመስለኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል። 45 ቀን የታገሠ ሰው መብቱ አልፎታል። ደግሞም 45 ቀን ክዳኑ ያልተከፈተ ትሪ በእርጥበት ሻግቶ፣ የበቀለውም ከሥሩ በስብሶ ይተኛል። ጤነኛ ችግኝ ብቅ ሲል ክዳኑ ይነሳለታል እንጂ አይታፈንም። መመሪያቸውን በትክክል ከተከተላችሁ ደህና ዘር እንኳ ይሞታል፤ ከዚያ ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል።

ስለዚህ የሚታየው ሁሉ በዕለቱ ይታይ። ሞተረኛው በር ላይ ሆኖ «መጀመሪያ ክፈሉ፣ ከዚያ ይክፈቱ» ካለ ዕቃውን ይዞ ይመለስ። ከተከፈተ በኋላ ማንም የሚያደርጋቸው ማጣሪያዎች አሉ። በሶብላ ለተባለው፦ ጥቂት ፍሬ በሲኒ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጉ። የበሶብላ ዘር በደቂቃዎች ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ነጣ ባለ ዝልግልግ ነገር ይሸፈናል፤ የእንቁራሪት እንቁላል ይመስላል። ውሃ ውስጥ ደርቆ የተቀመጠ ከሆነ በሶብላ አይደለም። ለሌላው፦ 10 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሉና ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ ጀርባ አስቀምጡ። በሶብላና አብዛኞቹ ዓመታዊ አበቦች በአንድ ሳምንት ከግማሽ በላይ ካልጎነቆሉ ዘሩ አርጅቷል። ያኔም ገና 15 ቀኑ አላለፈም። ፓርስሊ የገዛችሁ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ታገሡት፣ ተፈጥሮው ነው።

ደረሰኝ ጠይቁ። አብዛኞቹ በግለሰብ ስም ቴሌብር አስገቡ ነው የሚሉት። ሱቅ የሌለው፣ ደረሰኝ የማይቆርጥ፣ አስተያየት መስጫውን የዘጋ ቻናል ላይ «እውነተኛ ደንበኞቻችን» ብሎ የሚለጥፈው የቴክስት ፎቶ ማንም ተቀምጦ የሚሠራው ነው።

ከካርቶኑ ወጣ ልበልና፣ መንገድ ዳር በጥቁር ላስቲክ ያበበ ጽጌረዳ የምትገዙም ተጠንቀቁ። ሁሉም አይደሉም፤ ለዓመታት የማውቃቸው ጨዋ ችግኝ ሻጮች አሉ። ግን አንዳንዱ እምቡጥ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ ያንኑ ጠዋት አፈር ውስጥ ይሰካና «ሥር የያዘ ነው» ብሎ ይሸጣል። ቅርንጫፉ በያዘው ስንቅ ጥቂት ቀን ያብባል፣ ቤት ከገባ በኋላ ይጠወልጋል። ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ሥር የያዘ ተክል አፈሩን ይዞ ይነሳል። አፈሩ ቀርቶ እንጨቱ ብቻ ከወጣ አስቀምጡትና ሂዱ። የላስቲኩንም ሥር ገልብጣችሁ እዩ፤ በቀዳዳው ነጫጭ ሥር ብቅ ብሎ ከሆነ ደህና ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የበጋ ወራት ላይ ሳያዝዙ ከቻይና በፖስታ የዘር ፓኬት የደረሳቸው ሰዎች ጉዳይ ታስታውሱ ይሆናል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር «አትዝሩት፣ አትጣሉትም፣ ለእኛ አስረክቡ» ነበር ያለው። ምክንያቱ ለእኛም የሚሠራ ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ዘር አረም ወይም በሽታ ይዞ ይመጣል። ቅንጨ አረም ከእርዳታ እህል ጋር ተደባልቆ እንደገባ ነው የሚነገረው። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም ዓለምን የዞረው ሐምራዊ አበባው አምሮ የኩሬ ጌጥ ተብሎ ነው፤ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን።

ሰማያዊ አበባ ነው የምትፈልጉት? ከእህል በረንዳ አንድ እፍኝ ያልተቆላ ተልባ ግዙና ፀሐይ በሚያገኝ ሣጥን ውስጥ በትኑ። ንጹሕ የሰማይ ቀለም ያለው አበባ ያወጣል፤ ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ ይረግፋል፣ በነጋታው ሌላ ይተካል። ጥቁር አዝሙድም ብትዘሩ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ እጅግ ስስ አበባ አለው፤ ቅመም ቤት እያየነው አበባውን የማናውቅ ብዙ ነን። በሶብላም ገበያ ከሚሸጠው ደረቅ ራስ ላይ እጃችሁ ውስጥ ስታሹት ጥቁር ዘሩ ይረግፋል። ዘንድሮ የደረቀ ከሆነ ይበቅላል። አፈር አታልብሱት፣ ላዩ ላይ በትናችሁ በጣት ጫን ማድረግ ይበቃል፤ ብርድ ስለሚጠላ ግን ሐምሌና ነሐሴን እለፉ። ድንብላል አንዱ ክብ ፍሬ ሁለት ዘር ስላለው ለሁለት እንዲከፈል በጠርሙስ ረጋ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ አሳድራችሁ ዝሩት። ናና፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ከጎረቤት ቅርንጫፍ ይሻላቸዋል።

ካርቶኑን ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ 15 ቀን ካልሞላ ዛሬውኑ ማስታወቂያውን፣ የከፈላችሁበትን መልእክትና ፓኬቱን ፎቶ አንስታችሁ ገንዘቡ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በስልክ ብቻ አታውሩ። እምቢ ካለ ያንኑ ይዛችሁ ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ምን እንደሆነ ያላወቃችሁትን ዘር ግቢ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር አትድፉት። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና በላስቲክ አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ትሪውን አጥባችሁ አስቀምጡት፣ ለተልባው ይሆናል።