ኮራልና አኔሞን የሚያስቸግሩ ዓሦችን ማስወጫ፦ የአክሪሊክ ወጥመድ ሳጥን ሲመዘን

በቤቱ የኮራል ገንዳ (ኮራል የተባሉት ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት ከዓሦች ጋር የሚቀመጡበትን የመስታወት ገንዳ) ለሚያስተዳድር ሰው ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ የሚያታክተው፣ ኮራል መነካከስ የለመደን አንድ ዓሣ ከድንጋዮቹ መካከል ይዞ ማውጣት ነው። ዓሣው በገንዳው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ስንጥቅና ዋሻ ስለሚያውቅ መረብ ሲገባ ካንዱ ወደ ሌላው ይሸሸጋል፤ አሳዳጁም ድንጋዩን እያነሣ ሲያፈርስ ሊያድነው የፈለገውን ኮራል ራሱ ይሰብረዋል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠውን፣ ከጠራ አክሪሊክ የተሠራ የወጥመድ ሳጥን ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤቴ ተጠቅሜበት በሚገባ ስላገለገለኝ፣ ጠንካራና ደካማ ጎኑን ለሌሎች የገንዳ ባለቤቶች ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ገንዳውን ከቀድሞ ባለቤቱ የተረከብሁት ከነድንጋዩና ከነዓሦቹ ሲሆን፣ ከዓሦቹ ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ አስቸጋሪዎች ነበሩ። አንደኛው ፍሌም ኤንጅል የሚባለው፣ እንደ እሳት በቀላ ገላው ላይ ጥቁር ቋሚ ሰንበሮች ያሉት የፓስፊክ ውቅያኖስ ትንሽ ዓሣ ነው። በባሕር ሳለ በአብዛኛው ከድንጋይ ላይ አልጌ የተባለውን የውኃ እፅ እየለቀመ ይኖራል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ጠባዩ ካንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። አንዱ ለዓመታት ኮራል ሳይነካ ሲኖር፣ ሌላው ሥጋቸው ወፍራም የሆኑትን ኮራሎች፣ ዞአንተስ የተባሉትን የኮራል ዘመዶች፣ እንዲሁም ትራይዳክና የተባለውን ባለሁለት ክዳን ዛጎል መንከስ ይለምዳል። ንክሻው በራሱ ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ ያለው በመደጋገሙ ላይ ነው። እነዚህ ኮራሎች አብዛኛውን ምግባቸውን የሚያገኙት በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ስለሆነ፣ አልጌዎቹም ብርሃን ስለሚሹ፣ በንክሻው ምክንያት ቀኑን ሙሉ ተኮማትሮ የሚውል ኮራል መብራት ሥር ሆኖ ይራባል።

ሁለተኛው ዶሚኖ ዳምሰል ነው። ጥቁር ሆኖ ሦስት ነጭ ነጠብጣብ ያለው ይህ ዓሣ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ እስከ ፓስፊክ ድረስ የሚገኝ ሲሆን፣ በልጅነቱ ክላውንፊሽ እንደሚባለው ትንሽ ዓሣ፣ አኔሞን በተባለው ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ ክንዶች መካከል ተጠልሎ ያድጋል። በሱቅ ሲታይ ትንሽና የሚያምር ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛዋል፤ ነገር ግን እስከ 14 ሴንቲሜትር ያድጋል፤ ሲያድግም እጅግ ተደባዳቢ ይሆናል። በቀይ ባሕር፣ ሁለት ነጭ መቀነት ያለው የአካባቢው ክላውንፊሽና የዶሚኖ ጫጩቶች አንድ አኔሞን ሲጋሩ ይታያል፤ በዚያ የሚሸሽበት ስፍራ ሰፊ ነው። በመስታወት በታጠረ ገንዳ ውስጥ ግን ዶሚኖው ክላውንፊሾቹን ከአኔሞናቸው ያባርራቸዋል። ክላውንፊሽ ደግሞ የአኔሞኑ ተራ እንግዳ ሳይሆን፣ ክንዶቹን ሊበሉ ከሚመጡ የቢራቢሮ ዓሦች የሚከላከልለት ጠባቂው ስለሆነ፣ መባረሩን እንደ ቀላል ነገር ማየት አይገባም።

ሳጥኑ ወደ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 15 ሴንቲሜትር ያህል ስፋትና ከፍታ አለው። በአንድ ጫፉ ወደ ላይ የሚንሸራተት በር አለው፤ በሩ በቀጭን የናይለን ክር ተንጠልጥሎ ይቆይና ክሩ ሲለቀቅ ይወርዳል። የምግቡ ሽታ እንዲወጣና ውኃው እንዲተላለፍ ግድግዳዎቹ ተበስተዋል፤ ከገንዳው መስታወት ጋር የሚያያዘውም በሚጣበቁ የጎማ መያዣዎች ነው። አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ ጠርዞቹ ስለተሞረዱ የተያዘውን ዓሣ ክንፍ አይቧጭሩም። ይህን አጠብቄ የማነሣው በርካሽ ሳጥኖች ላይ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሰላ ሆኖ ስላየሁ ነው።

ዋናው ድክመቱ በሩ ነው። አክሪሊክ ከባሕር ውኃ እምብዛም የማይከብድ ቁስ በመሆኑ፣ ከውኃ ውጭ ሲሞከር ጠብ የሚለው በር ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለፍሌም ኤንጅል ይህ ፍጥነት በቂ ነው፤ በምግብ ስለሚጠመድ ዞር እስኪል በሩ ተዘግቷል። ሲክስ ላይን ራስ እንደሚባለው ያለ ቀልጣፋ ዓሣ ግን በሩ ከመድረሱ በፊት ሊያመልጥ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ያመለጠ ዓሣም ሳጥኑን ስለሚጠራጠር እንደገና ለማስገባት ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል። ሠሪዎቹ በሩን ወፈር ቢያደርጉት ወይም በታችኛው ጠርዙ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ክብደት ቢጨምሩበት ችግሩ ይቃለል ነበር። ገዢው ራሱ ክብደት ለመጨመር ቢያስብ ብረት ወይም መዳብ ፈጽሞ እንዳያስገባ አደራ እላለሁ፤ መዳብ በተለይ በጥቂት መጠን እንኳ ለኮራል፣ ለአኔሞንና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። የጎማ መያዣዎቹም ሐምራዊው የኖራ አልጌ በለበሰ መስታወት ላይ አይጣበቁም፤ አስቀድሞ ያንን ስፍራ በሚገባ መፋቅ ያስፈልጋል።

ወጥመዱን ከማስገባት በፊት ጥፋተኛው በእርግጥ ዓሣ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል፤ ብዙ ሰው በዚህ ላይ ይቸኩላል። ኮራል የሚኮማተረው ሲነከስ ብቻ አይደለም። የጨው መጠን ወይም የውኃው አልካላይንነት (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) በድንገት ሲለወጥ፣ መብራት ሲበረታ፣ የፓምፕ ግፊት በቀጥታ ሲያርፍበትም ይዘጋል። የተኮማተሩት በገንዳው ሁሉ የተበተኑ ከሆነ ውኃውን መመርመር ይቀድማል፤ ጎረቤቶቹ ተከፍተው አንዱ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ፣ ሥጋው ላይም የተቦጨቀ ምልክት ከታየ፣ የሚነክሰው አለ ማለት ነው። ሰው አጠገብ ሲቆም ዓሦች ጠባያቸውን ስለሚለውጡ፣ ስልክን በማቆሚያ ላይ አድርጎ መቅረጽ እጅግ ይጠቅማል። ማታ ደግሞ በቀይ መብራት መመልከት ይገባል፤ ሸርጣንና ሽሪምፕ ቀይ ብርሃንን እምብዛም ስለማያዩ ሥራቸውን አያቋርጡም።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ከሳጥኑ ጋር የመጣው መመሪያ አጭርና ደካማ ስለሆነ የተረዳሁትን በዝርዝር ላስቀምጥ። ሳጥኑ በሩ ክፍት እንደሆነ ለብዙ ቀናት በገንዳው ውስጥ ሊቆይ ይገባል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ክሩን መንካት አያስፈልግም። ምግብ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ሳጥኑ ይዛወራል፦ መጀመሪያ በደጁ፣ ቀጥሎ በመግቢያው፣ በመጨረሻም በውስጠኛው ጫፍ ብቻ። ለፍሌም ኤንጅል የባሕር አልጌ ቅጠልና ማይሲስ የተባለው ትንሽ ሽሪምፕ ጥሩ ማባበያ ናቸው። ምግቡ እንዳይበተን በመመገቢያ ሰዓት ፓምፖቹን ማቆም ይጠቅማል። ሌላ ዓሣ ቀድሞ ቢገባ በሩን መልቀቅ አይገባም፤ ይልቁንም የሌሎቹ መግባትና መውጣት ለሚፈለገው ዓሣ መተማመኛ ይሆነዋል። የሚፈለገው ዓሣ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ሲዞር ክሩን በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው። ዶሚኖውም ፍሌም ኤንጅሉም በዚህ አኳኋን አንድም ድንጋይ ሳይነሣ ወጡ፤ ክላውንፊሾቹ ወደ አኔሞናቸው ተመለሱ፤ ተኮማትረው የነበሩት ኮራሎችም ቀስ በቀስ ሥጋቸውን ዘረጉ።

ሳጥኑ ግን ለሁሉም አስቸጋሪ ነዋሪ መፍትሔ አይደለም። ፔፐርሚንት በሚባለው ሌላ ሽሪምፕ ስም ተሸጦ የሚገኘው ካሜል ሽሪምፕ ዞአንተስን የሚበላ ሲሆን፣ በጀርባው ጉብታ፣ በትልልቅ ዓይኖቹና በነጭ መሥመሮቹ ይለያል፤ እርሱን ለመያዝ ማባበያ የተደረገበትን ጠባብ ብርጭቆ ማታ አዘንብሎ አሸዋው ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ለሸርጣንም ይኸው ይሠራል፤ ወደ ብርጭቆው ይወርዳል፣ ልሙጡን ግድግዳ መውጣት ግን አይችልም። ከኮራልና ከአኔሞን አፍ ምግብ የሚነጥቀውን ክሊነር ሽሪምፕ ደግሞ ማስወጣት አያስፈልግም፤ ምግብ የሚሰጠውን ኮራል በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለጥቂት ጊዜ መክደን በቂ ነው። አኔሞን ያጡ ክላውንፊሾች ሐመር ወይም ቶርች የተባለ ኮራል ውስጥ እየተሻሹ ሲያስቸግሩትም፣ ዓሦቹን ከማጥመድ በፊት ኮራሉን ማዛወር የተሻለ ነው።

የተያዘው ዓሣ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ዓሣ የሚቀበል ሱቅ ወይም ኮራል የሌለበት ገንዳ ያለው ሰው መፈለግ ይገባል፤ ወደ ባሕር መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ ነዋሪ የሆነው ላየንፊሽ በፍሎሪዳ ጠረፍ መጀመሪያ የታየው በ1985 ሲሆን፣ ዛሬ በካሪቢያን ሁሉ ተሰራጭቶ የአካባቢውን ዓሦች እየበላ ይገኛል፤ መነሻውም ከቤት ገንዳ የተለቀቁ ዓሦች እንደሆኑ ይታመናል።

ዋጋው ወደ 50 ዶላር ገደማ ነው። ለአነስተኛ ዓሦች ተገቢ ዋጋ ነው እላለሁ፤ እንደ ታንግ ያለ ሰፊ ዓሣ ለማውጣት ለሚፈልግ ግን ይህ መጠን ስለሚጠብ ተለቅ ያለውን መግዛት ይኖርበታል። ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ኖራ ከያዘም በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ይበቃዋል፤ ሳሙና ቅሪቱ ገንዳውን ይጎዳል፤ አልኮልና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም አክሪሊኩን ያሰነጥቀዋል።