የ16 ጎማ፣ የየትኛው 16? ሳሪስ ስላለው ጎሚስታዬ

የምነዳት ቪትዝ ናት። በስልክ ተጠርቼ ሰው አደርሳለሁ፤ ስለዚህ ጎማ እንጀራዬ ነው። ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት የፊት ሁለቱ አለቁብኝና አዲስ ልገዛ ወጣሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ዋጋው ደህና ነበር። ሻጩ ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ እያሳየ «የ16 ምርት ነው፣ ገና አምና የተሠራ» አለኝ። አመንኩት። ከፈልኩና ለማስገጠም ሳሪስ፣ ሁልጊዜ የምሄድበት ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት።

ጎሚስታው ጋሼ ክሪኩን እንኳ አላነሱም። ጎማውን በጨርቅ ጠረግ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይሄን መልሺ» አሉኝ። ቁጥሩ 1816 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ። ግን ዓመቱ የፈረንጅ ነው! 18ኛው ሳምንት፣ 2016 እ.ኤ.አ.፤ በእኛ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ማለት ነው። እኔ የገዛሁት ደግሞ በ2017 ነው። አዲስ ብዬ የገዛሁት ጎማ 9 ዓመቱ ነው። ላስቲክ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይደርቃል። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ቀይሩ ይላሉ። ያን ጎማ አስገጥሜ ተሳፋሪ ይዤ የአዋሽን ሙቀት ብገባበትስ?

በስንት ክርክር ብሬን አስመልሼ ተመለስኩ። ጋሼ ራሳቸውም ጎማ ይሸጣሉ። ጉድጓዱን እንዲችልልኝ ብዬ ሰፋ ያለ፣ 185/70አር14 ጠየቅኳቸው። እምቢ አሉ። የእኔ 165/70አር14 ነው። 165 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። 70 ግን ሚሊሜትር አይደለም፤ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስፋቱ ሲጨምር ቁመቱም አብሮ ያድጋል። ወረቀት ላይ ደምረው አሳዩኝ፦ ጎማው በጠቅላላ 28 ሚሊሜትር ይተልቃል። መሪ ሙሉ ሲዞር ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል። ኪሎሜትሩ 100 ሲያሳይ ደግሞ እኔ ወደ 105 እየሄድኩ ነው። አር ራዲያል ነው፣ የጎማው የውስጥ ክር አሠራር ማለት ነው፤ 14 የቸርኬው ስፋት በኢንች። ቀጥሎ ያለው 81 ኤስ፦ 81 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 462 ኪሎ ይሸከማል፣ ኤስ ማለት በሰዓት እስከ 180 ኪሎሜትር ይችላል። ዋናው ነገር ከዚህ ያነሰ እንዳልገዛ ነው። ለመኪናዋ የታዘዘው የጎማ ልክ በሾፌሩ በር አጠገብ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፤ የንፋሱም ልክ እዚያው ነው።

ዋጋቸው ከመጀመሪያው ሱቅ ከፍ ይላል፣ አልዋሽም። ባላንስ (የጎማውን ክብደት ማመጣጠን) ይሠራሉ፤ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግን የላቸውም፣ ሌላ ቦታ መሄድ ግድ ነው። መቀመጫም የለም፤ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። ረዳቱ ልጅ ደግሞ ይቸኩላል፤ አንዴ የቫልቮላውን ክዳን ሳይመልስ ሸኝቶኛል። ግን ሥራ ለማግኘት ብለው የማያስፈልጋችሁን አይሸጡላችሁም። የዚያን ቀን ጎማውን ዝም ብለው ቢገጥሙልኝ ገንዘባቸውን ይወስዱ ነበር፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ከገጠሙልኝ ሁለት ወር አለፈ። የአሁኖቹ 3124 ይላሉ፤ ራሴ አንብቤ ነው የገዛኋቸው። መሪው አይንቀጠቀጥም፣ ንፋስም አልቀነሱም። ቅዳሜ የምትሄዱ ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ነው።