እናቴን ላገላበጡልኝ የኪዳነ ምሕረት እናቶች

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ምስጋና ብቻ ሆኖ እንዲቀር ግን አልፈልግም፤ የማመሰግናቸው ሴቶች ሰው ቸግሯቸዋልና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ፤ ጭንቁ የመጣው ቤት ከገባን በኋላ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የዓመት ፈቃዴን ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ጨርሼዋለሁ። በደላላ ያገኘኋት አስታማሚ በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄደች። አልፈርድባትም። በሽተኛ እንዴት እንደሚነሣ ያስተማራት የለም፤ እኔም ብሆን አላውቅም ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእናቴ ተረከዝ ይቀላ ጀመር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በር ተንኳኳ። ነጠላ ያጣፉ ሁለት እናቶች ቆመዋል፤ አንዷ ጸበል፣ ሌላዋ በፔርሙዝ አጥሚት ይዘዋል። እናቴ በሰፈራችን ኪዳነ ምሕረት የእናቶች ማኅበር ከ20 ዓመት በላይ ጽዋ ጠጥታለች። «ሁለት ወር በተከታታይ በ16 ስናጣት ምን ሆና ነው ብለን መጣን» አሉና እኔን አልፈው ገቡ።

አንደኛዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ብርድ ልብሱን ገልጠው ተረከዟን አዩና «ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው በጀርባዋ ብቻ የተኛችው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጋቢ አጣጥፈው ከባቷ ሥር አስገቡ፤ ተረከዟ ፍራሹን ሳይነካ አየር ላይ ቀረ። ቀጥሎ አንሶላ ለሁለት አጥፈው ከትከሻዋ እስከ ጭኗ ከሥሯ ዘረጉ። በጉልበቶቿ መካከል ትራስ አደረጉ። ከዚያ ሁለቱም የአንሶላውን ጫፍ ግራና ቀኝ ጠቅልለው ያዙና «በስመ ሥላሴ» ብለው እኩል ሳቧት። እኔ ሳነሣት የምትጮኸው እናቴ «እሰይ» ብቻ አለች። ሐኪሟ በየትኛው ጎኗ መተኛት እንደፈቀደላት ጠየቁኝና፣ የማገላበጫውን ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ ከፍለው በካርቶን ላይ ጽፈው ከአልጋው ራስጌ ሰቀሉት። ካርቶኑ አሁንም እዚያው አለ።

ለአምስት ወር ማክሰኞና ዓርብ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ መጡ። ገላዋን አጠቡ፣ ሹሩባ ሠሩላት፣ ልብሷን አጠቡ። ከሁሉም በላይ ወሬ አመጡላት። ማን ልጁን ዳረ፣ የማን ጠላ ቀጠነ፣ የትኛው ዲያቆን ድምፁ አማረ፤ እናቴ ከመድኃኒቱ ይልቅ በዚህ የዳነች ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር እንከን የለባቸውም አልልም። ሦስት ሰዓት እንመጣለን ካሉ አራት ሰዓት ማለት ነው። በሽተኛ ፊት ይጨቃጨቃሉ። ወጥ ቤቴን በራሳቸው ሥርዓት አደራጅተውት ትልቁን ጭልፋ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ይህን የማይችል ሰው አይጥራቸው። የሚያስታምመው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያለው ግን ለማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ለሰብሳቢዋ፣ ይንገር፤ የማኅበርተኛ ቤተሰብ መሆን አያስፈልግም፣ ክፍያም የለም።

ክፍያ ስል፣ በአምስተኛው ወር ፖስታ አዘጋጅቼ ሙሴዋ ዘንድ ሄጄ ነበር። ፖስታውን ወደ ቦርሳዬ መልሰው «ገንዘብስ ከሙዳየ ምጽዋቱም ይገኛል፤ የጠፋው እጅ ነው» አሉኝ። መጀመሪያ ለትሕትና የተናገሩት መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ሄጄ ሳይ ገባኝ። ከሰንበቴው ቤት ጀርባ የመገበሪያ ስንዴ (የቁርባኑ ኅብስት የሚሠራበትን) የሚለቅሙት ዘጠኝ ሴቶች ናቸው፤ ከእነሱ ስድስቱ በምርኩዝ የሚሄዱ። እነዚሁ ዘጠኝ ሴቶች ናቸው የየካቲት 16 ንግሥ ሲደርስ ለካህናቱና ለእንግዳው የሚጋግሩት፣ ጧፍ የሚፈትሉት፣ የመዘምራኑን ልብስ አጥበው የሚተኩሱት። ለጥምቀት ደግሞ ታቦቱ ጥምቀተ ባሕር ሲያድር አብረው ለሚያድሩት የሚበላውን ያሰናዳሉ። ጥር 10 ገሃድ ስለሆነ የጾም ምግብ ነው፤ በማግስቱ የፍስኩ ይጠብቃል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ሁለት ወጥ ቤት ያህል ሥራ አለ። የንፍሮውን ብረት ድስት ከእሳት ለማውረድ አራት ሴት ተረባርባ አየሁ፤ ከበስተጀርባቸው ጎረምሶች ስልክ እየነካኩ ተቀምጠው ነበር። ተናድጄ ነው የወጣሁት፣ አልደብቅም።

እናንተ ጎረምሶች፣ የከተራ ዋዜማና ከተራ ዕለት ድስት የሚያወርድና ውኃ የሚቀዳ ጉልበት ይፈለጋል። መኪና ያለው ሰው በወር አንድ ቅዳሜ ስንዴውን ወፍጮ ቤት አድርሶ ቢመልስ ትልቅ ነገር ነው፤ አሁን ጆንያውን በጋሪ ነው የሚያመላልሱት። ከሁለቱ የኤሌክትሪክ ምጣዶች አንዱ ስለተበላሸ የኤሌክትሪክ ሙያ ያለው ሰው አንድ ሰዓት ቢሰጣቸው ይበቃል። የመዋጮ መዝገቡን እኔ ይዤዋለሁ፤ በእርሳስ ተጽፎ ግማሹ ጠፍቶ ስለነበር ለማስተካከል ሦስት እሑድ ወስዶብኛል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የበሽተኛ ተረኛ ነው። በአሁኑ ጊዜ አራት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎች አሏቸው፤ ሁለቱ ጨርሶ ዘመድ የላቸውም። በሁለት ሳምንት አንድ ጠዋት መስጠት የምትችል ሴት ብትገኝ ጡረተኛዋ ነርስ ማንሣቱንና ማገላበጡን ራሳቸው ያስተምሯታል።

አሮጌ ልብስ እባካችሁ አታምጡ። ሰንበቴው ቤት በልብስ ተሞልቶ መቀመጫ ጠፍቷል።

የሚገኙት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ቤት በር ላይ ነው። ሙሴዋን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ድምፃቸው ከሁሉ የሚጎላው እሳቸው ናቸው።

እናቴ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ደጀ ሰላም ድረስ መውጣት ገና አልቻለችም፤ ስለዚህ ስንዴውን እኔ ቅዳሜ ማታ ቤት አመጣላታለሁ፣ እሷ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ትለቅማለች። ባለፈው ሳምንት ላግዛት ተቀመጥኩና የለቀምኩትን ሁሉ ጠጠር አለበት ብላ መልሳ ደፋችው።