ስማችንን ለሁለት የከፈለው መክተፊያ፦ ከ10 ወር አገልግሎት በኋላ

በጥር 2017 ዓ.ም. አጋማሽ፣ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን የሆኑ የአንድ ጭነት ማመላለሻ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ምግብ ቤታችን መጥተው ምሳቸውን ከበሉ በኋላ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳቸው አውጥተው «እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ ብታዪው ይሻላል ብዬ ነው» እያሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ጋዜጣውን ስገልጠው ለእንቁጣጣሽ የሰጠናቸው የእንጨት መክተፊያ ነበር። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁም መሃሉ ላይ በሌዘር የተቀረጸውን የምግብ ቤታችንን ስም ለሁለት ከፍሎታል። እኚህ ሰው መክተፊያውን ይዘውት የመጡት ሊወቅሱኝ ሳይሆን፣ ሌሎቹ እንግዶቼ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸው በይሉኝታ ዝም ብለው ይሆናል ብለው ስለሰጉልኝ ነው። ስጋታቸውም ልክ ነበር።

ትእዛዙን የሰጠሁት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሲሆን፣ ሥራው በነሐሴ አልቆ ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት ድሬ ደርሶልኛል። ለማእድ ቤታችን 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ስድስት መክተፊያዎች፣ ለደንበኞቻችን ስጦታ ደግሞ 40 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሃያ ቀጫጭን የዋንዛ መክተፊያዎች አዘዝኩ። ሻጩ አስቀድሞ ናሙና ብሎ የላከልኝ የስጦታ መክተፊያ ምንም ጌጥ ያልነበረው፣ ወጥ ዋንዛ ነበር፤ እጅግ ወድጄው ቀብድ የከፈልኩትም እርሱን አይቼ ነው። ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ ግን «ለድርጅት ስጦታ የሚሆን ዕቃ እንዲሁ ባዶውን አይሰጥም» ብሎ፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ ጠቆር ያለ የወይራ ቁራጭ አግድም ቢለጠፍበት የዋንዛው ቡናማ መልክ ጎልቶ እንደሚታይ አሳመነኝ። ለዚያ ቁራጭ በእያንዳንዱ መክተፊያ ላይ ተጨማሪ ዋጋ ከፍያለሁ። መልኩ በእርግጥ ያምር ነበር፤ በመስከረም ሳድላቸው የኮራሁትን ኩራት አልክድም።

ስለ ማእድ ቤቶቹ ስድስት መክተፊያዎች ብዙ የምለው የለኝም፤ ሥራቸውን በአግባቡ እየሠሩ ነው። ቃጫቸው ወደ ላይ እንዲቆም ተደርገው ከትንንሽ ቁራጮች የተገጣጠሙ ስለሆኑ፣ ቢላው የሚያርፈው በቃጫዎቹ ጫፎች መካከል ነው፤ በዚህም ምክንያት የፍየል ሥጋ ሲቆራርጡ የሚውሉት ልጆቻችን ቢላቸውን እንደ በፊቱ ቶሎ ቶሎ አይስሉም። ፕላስቲክ ብቻ ነው ንጹሕ የሚሉ እንግዶች ሲያጋጥሙኝ፣ ዲን ክሊቨር የተባሉ አሜሪካዊ የምግብ ደኅንነት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ያደረጉትን ጥናት አስታውሳቸዋለሁ፤ እንጨት ላይ የተደረጉት ባክቴሪያዎች ወደ ውስጥ ሰርገው ሳይባዙ ቀስ በቀስ ሲሞቱ፣ በቢላ የተተለተለ ፕላስቲክ ግን በእጅ አጥቦ ማጽዳት አስቸጋሪ ሆኖ ነው የተገኘው። ይህ ማለት ግን እንጨቱን ሳያጥቡ መተው ማለት አይደለም፤ ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበትንና አትክልት የሚከተፍበትን ለይተን፣ በየቀኑ በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበን፣ በጎኑ አቁመን ነው የምናደርቀው። አንድ ስሕተት የሠራነው በቅባቱ ነው። ሻጩ «ማንኛውም የምግብ ዘይት ይሆናል» ስላለን የሱፍ ዘይት ስንቀባ ከርመን፣ በድሬ ሙቀት ዘይቱ ተበላሸና እንጨቱ የሚያጣብቅና መጥፎ ሽታ ያለው ሆነ። ፍቀን ካነሣነው በኋላ መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን ፈሳሽ ፓራፊን ከንጹሕ የንብ ሰም ጋር አቅልጠን መቀባት ጀመርን፤ ከዚያ ወዲህ ችግር የለም።

የሚያንገበግበኝ የስጦታዎቹ ነገር ነው። በጥር ወር መጨረሻ ለተቀባዮቹ ሁሉ በየተራ ስልክ ደወልኩ። ከሃያዎቹ የ17ቱን ሁኔታ ለማወቅ ችያለሁ፤ ዘጠኙ ተሰንጥቀዋል፣ አራቱ ጎብጠው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ይንቀጫቀጫሉ፣ አራቱ ደኅና ናቸው። ከአራቱ ደኅናዎች ሁለቱ ሐረር የሚገኙ ናቸው። ይህን ስሰማ ነገሩ የእንጨት ጥራት ብቻ ሳይሆን የአየር ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠርኩ፤ ሐረር ከእኛ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ብትርቅም፣ ዳገቱን ወጥቶ የሚገኝ ወይና ደጋ ነውና አየሯ ሌላ ነው።

የተሰነጠቀውን ይዤ የሄድኩት ሐረር ተወልደው ድሬ ላይ በአናጢነት ወዳረጁ አንድ አባት ነው። መክተፊያውን ገልብጠው፣ በጣታቸው የወይራውን ቁራጭ ተከትለው ዳብሰው፣ «ልጄ፣ ይህን እንጨት እኮ አስረው ነው የሰጡሽ» አሉኝ። ከዚያ የነገሩኝን እኔ በራሴ አነጋገር ላስረዳ። እንጨት ተቆርጦ ከደረቀ በኋላም ከአየሩ ጋር እርጥበት መለዋወጡን አያቆምም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 70 ከመቶ በሆነበት ቦታ የቆየ እንጨት፣ ከደረቅ ክብደቱ 13 ከመቶ ገደማ የሚሆን ውኃ ይዞ ይረጋል፤ የአየሩ እርጥበት ወደ 35 ከመቶ በወረደበት ቦታ ግን የሚይዘው ውኃ 7 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ውኃ ሲወጣ እንጨቱ ይጠባል፤ የሚጠበው ግን በወርዱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም፤ በርዝመቱ የሚያሳየው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እንግዲህ የእኛ መክተፊያ የተሠራው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ፣ ዝናብ በሚበዛበት በነሐሴ ነው። የመጣው ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናብ እምብዛም ወደማታይ ሞቃት ከተማ ነው። የዋንዛው አካል ውኃውን ሰጥቶ በወርዱ ሊጠብ ሲሞክር፣ በሁለቱ ጫፎች ከዳር እስከ ዳር በሙጫ የተጣበቀው የወይራ ቁራጭ በርዝመቱ ስለተኛ አብሮት አይጠብም፣ ሙጫውም አይለቅም። የሚላቀቀው ነገር ሲጠፋ ዋንዛው ራሱ መሃሉ ላይ ተቀደደ። መሃሉ ላይ ደግሞ ያለው ስማችን ነው።

እኚህ አባት በር ሲሠሩ መሃል የሚገባውን ጣውላ በዙሪያው ባለው ማእቀፍ ጉድብ ውስጥ ያለ ሙጫ ለቀቅ አድርገው እንደሚያስገቡት፣ ይህንንም ማንኛውም የአናጢ ተለማማጅ በመጀመሪያው ዓመት እንደሚማረው ነገሩኝ። የጫፍ ቁራጭ የግድ ካስፈለገም፣ መሃሉ ላይ ብቻ በሙጫ ይያዝና ዳርና ዳሩ በሞላላ ቀዳዳ በሚገባ የእንጨት ችንካር እንዲንሸራተት ተደርጎ ይሠራል፤ ያኔ ጣውላው ሲጠብም ሆነ ሲሰፋ የሚከለክለው የለም።

ማስረጃው ደግሞ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያ ጌጥ የሌለው ናሙና ሲመጣ ወርዱ ልክ 25 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ በጥር ስለካው 24.7 ሆኖ አገኘሁት። ሦስት ሚሊ ሜትር ጠብቧል፤ ግን አንዲት ስንጥቅ የለበትም፣ አልጎበጠምም። ያው ዋንዛ፣ ያው ሥራ ቤት፣ ያው የድሬ አየር ነው። ልዩነቱ ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፈለኝ ጌጥ ብቻ ነው።

ሻጩን በስልክ ሳነጋግረው በመጀመሪያ «ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈውት ይሆናል» አለኝ። ከተሰነጠቁት አንዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ መደርደሪያ ላይ ቆሞ፣ ውኃም ቢላም ነክቶት የማያውቅ ነው። ቀጥሎ «ፀሐይ ላይ ትተውት ይሆናል» አለ። ድሬዳዋ ውስጥ የሚኖር ሰው ዕቃን ከፀሐይ ማራቅን ከማንም አይማርም። በመጨረሻም «አዲስ አበባ ከሸጥናቸው አንዱም አልተሰነጠቀም» አለኝ፤ ይህን ያለኝ ለመከራከሪያ ቢሆንም እኔ ግን ለራሴ ክርክር ነው የወሰድኩት። እርሱ የሚሸጠው ዕቃ የሚሠራው በአዲስ አበባ አየር ብቻ ከሆነ፣ ለድሬዳዋ ደንበኛ ሲሸጥ ያንን መናገር ነበረበት። ስታዝዝ የት እንደምትኖር ያልጠየቀህ እንጨት ሠሪ ስለ እንጨት የሚያውቀው ነገር መልኩን ብቻ ነው። «እንጨት ሕይወት አለው፣ ዋስትና አይሰጥበትም» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ሕይወት እንዳለው የሚያምን ሰው እጅና እግሩን አስሮ አይልክልኝም ነበር።

ለፍትሕ ያህል፣ ሥራ ቤቱ የተሰነጠቁትን በአዲስ ሊተካልኝ ፈቃደኛ ነበር። ነገር ግን የሚተካው በዚያው አሠራር፣ በዚያው የወይራ ቁራጭ ነው፤ ያለ ቁራጩ ሥሩልኝ ስል «ንድፉ ይበላሻል» ተባልኩ። ስለዚህ አልተቀበልኩም። ስድስቱን የማእድ ቤት መክተፊያዎች እያየ ተመሳሳይ ለማዘዝ የሚጠይቀኝ የሆቴል ባለቤት ሲኖር ግን የእነዚህን ጥሩነት አልደብቅም። ሆኖም ከዚያ ሥራ ቤት ድጋሚ የምገዛ አይመስለኝም። ማእድ ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ የእኔ ነው፤ ቢበላሽ የማየው እኔ ነኝ። ስጦታ ግን ሰው ቤት ገብቶ፣ ስሜን ይዞ፣ እኔ በሌለሁበት ነው የሚሰነጠቀው።

የተሰነጠቁትን ዘጠኝና የጎበጡትን አራት አንድ በአንድ ሰብስቤያለሁ። አንዳንዶቹ «ኧረ ተይው፣ ግድግዳ ላይ ያምራል» ቢሉኝም አልተውኩላቸውም። የሚተኩትን የሚሠሩልኝ እኚያው አናጢ አባት ናቸው፤ ወጥ ዋንዛ፣ ያለ አንዳች የጫፍ ቁራጭ፣ ስማችንም ሥጋ ከሚቆረጥበት ፊት ተነሥቶ በጀርባው ጥግ ላይ በትንሹ የሚቀረጽ። ቅርጹ ፊት ለፊት ሲሆን ፊደሉ ጉድጓድ ውስጥ የምግብ ቅሪት እንደሚቀር ከማእድ ቤታችን ልጆች አንዷ «እትዬ፣ የእኛ ስም ውስጥ ሽንኩርት ገባ» ብላ ያስተማረችኝ ነው።

ጣውላዎቹን በየካቲት ገዝተን በምግብ ቤቱ ዕቃ ቤት፣ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገባን አየር እንዲዘዋወርባቸው ደርድረናቸዋል። አናጢው የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የላቸውም፤ ያዘዙኝ ግን አንዱን ጣውላ መርጬ፣ በየወሩ መጀመሪያ በማእድ ቤት ሚዛን እንድመዝነው ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም የድሬን አየር ለምዷል ማለት ነው። መጋቢት 1 ቀን 3 ኪሎ ከ420 ግራም ነበር። ሚያዝያ ላይ 3 ኪሎ ከ310፣ ግንቦት ላይ 3 ኪሎ ከ240 ሆነ። ሰኔ 1 ቀን ስመዝነው 3 ኪሎ ከ230 ነው። ደውዬ ስነግራቸው «አንድ ወር ጨምሪለት» ብለውኛል።