ለጣና ዓሳ ወይስ ለወተት?

የመንግሥት ገንዘብ ለምግብ ምርት ማስታወቂያ ይውጣ ቢባል፣ ባሕር ዳር ላይ የሚፎካከሩት ዓሳና ወተት ናቸው።

ዓሳ ያለ ማስታወቂያም ገዢ አያጣም። በዐቢይ ጾም (ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ) ቆሮሶና አምባዛ ይፈለጋሉ። ጣና ግን እንደ ማሳ አይሰፋም። በክረምት ነጭ ዓሳ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሽቅብ ሲወጣ መረብ ይጠብቀዋል። ማስታወቂያው ተሳካ ማለት ዋጋው ናረ፣ የመረቡም ዓይን ጠበበ ማለት ነው። ፕሮቲኑን ለማይበላው ድሃ ምን ይፈይዳል?

ወተት ሲፈለግ ምርቱ ሊያድግ ይችላል። እንቅፋቱ ጾም ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር የተረፈው ለቅቤ ይናጣል። ጿሚውን በማስታወቂያ ማባበል ከንቱ ድካም ስለሆነ መልእክቱ ለጾም ያልደረሱ ሕፃናት ወላጆች ላይ ቢያነጣጥር ይሻላል። አጥንት የሚገነባው ካልሲየም ለእነሱ ነውና። ስጋት ግን አለ፦ ከተማው ወተት በተሻማ ቁጥር የገጠሩ እናት የልጇን ድርሻ ለገበያ ልታወጣ ትችላለች።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ የወተት ማስታወቂያ ወጪው የአምራቹ ነው፤ ከ45 ኪሎ ገደማ ወተት 15 ሳንቲም ይዋጣል፣ መንግሥት ይቆጣጠራል። ገንዘቡ አይብንም ያስተዋውቃል፤ የዚያው መንግሥት የአመጋገብ መመሪያ ደግሞ አይብ ውስጥ የሚበዛውን የረጋ ስብ መጥኑ ይላል።

እኔ ለወተት አደላለሁ፤ ወተቱን ከመበላሸት የሚያድነው ማቀዝቀዣ ከማስታወቂያው ከቀደመ።