ውሃ ማጣሪያዬ ሲፈጥን ደስ ብሎኝ ነበር

ባለ ሸክላ ሻማ ውሃ ማጣሪያ ከገዛሁ ዘጠኝ ወሬ ነው። ላይኛው ባልዲ ውስጥ ሻማ የሚመስል ነጭ ሸክላ አለ፣ ውሃው በሱ ሰርጎ ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል። መብራት አይፈልግም። ማታ እንሞላዋለን፣ ጠዋት እንጠጣለን። በደህናው ጊዜ ይኸው ነው።

ክረምት ላይ ውሃው ደፈረሰና ማጣሪያው ቀጥ አለ። የውሃ ግድባችንን የአንገረብን ደለል የሚያውቅ የጎንደር ሰው አይገርመውም። በየሦስት ቀኑ ሻማውን ያለ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ማሸት ለመድኩ።

ጥቅምት ላይ ግን ፈጠነ! ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅበት ባልዲ እራት በልተን ሳንነሳ ወርዶ አለቀ። "አየሽ፣ ጥሩ ዕቃ እያደር ነው የሚሻለው" ብዬ ባለቤቴ ላይ ተኩራራሁ። በሳምንቱ ትንሹ ልጄን ተቅማጥ ያዘው፣ ሲመረመር ጃርዲያ ተባለ። ከማጣሪያው ነው ብዬ አልምልም፣ ልጅ ውጭም ይጠጣል። ግን ጠረጠርኩ። ሻማውን ነቅዬ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩትና እዚያው እንደተነከረ በቀዳዳው እፍ አልኩበት። ከአንገቱ ሥር አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ! ለካ ውሃው የሚፈጥነው ሳይጣራ እያለፈ ነው። ዳዶውን ከልክ በላይ አጥብቄ አስሬ የሰነጠቅኩት እኔው ሳልሆን አልቀርም።

ሻጩ ግን "ዕድሜ ልክ ነው" ብሎኝ ነበር። የማን ዕድሜ፣ ወንድሜ? በታሸ ቁጥር የሚሳሳ ሸክላ እንዴት ዕድሜ ልክ ይሆናል? መለዋወጫ ስጠይቀውማ "ሙሉውን ግዛ" አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ሻማውን ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ፈልጎ ላከልኝ።

ደግሞ ሻማው ባክቴሪያንና ጃርዲያን ቢይዝም ቫይረስ ያመልጠዋል። ስለዚህ አሁን የተጣራውን ክሎሪን ጨምሬ 30 ደቂቃ አቆየዋለሁ፣ ወይ አፈላዋለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ እንደተንፈቀፈቀ ወዲያው አታውርዱት፣ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

እቃውን እጠላዋለሁ? ያኔ ከነባልዲው ልወረውረው ነበር። ትናንት ማታ አዲሱን ሻማ ገጥሜ ሞልቼው ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ገና ግማሽ ባልዲ ይቀረዋል። ተመስገን፣ ቀርፋፋ ነው።