ሶማሌ ተራ፣ ጋራዡና የእህቴ ቪትዝ

ከሜሪላንድ ለእረፍት መጥቼ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ከረምኩ። ስለ ሆቴሉና ስለ ክትፎ ቤቱ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ስለ መኪና ዕቃ ነው።

እህቴ ቪትዟን "እንደልብህ ንዳት" ብላ ሰጠችኝ። ፍጥነት ስጨምር ከኋላ በቀኝ በኩል የሚያጉረመርም ነገር አለ። አርባን ሲያልፍ ወፍጮ ቤት የገባሁ ይመስለኛል። እሷ ለምዳዋለች፤ ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለች።

ጎተራ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ገና ልጅ ነው። በክሪክ አነሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው። ቋ ቋ አለ። "ኩሽኔታው አልቋል። የዚህች መኪና ከነሀቡ አንድ ላይ ነው፤ ሙሉውን ነው የምትቀይረው" አለኝ። ሀብ ማለት ጎማው በብሎን የሚታሰርበት የመሃሉ ብረት ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም፣ ለማየቱም ሳንቲም አልጠየቀኝም።

እኔ ግን ተሽቀዳደምኩ። አሮጌው እስኪፈታ እንኳ ሳልጠብቅ ወደ መኪና ዕቃ ገበያው፣ ወደ ሶማሌ ተራ። እንደ አሜሪካው የሻንሲውን ቁጥር ስልኬ ላይ አስገብቼ ዕቃውን ልፈልግ ብል "ቁጥሩ ስህተት ነው" ይለኛል። ለካ ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና እንደኛዎቹ 17 ፊደልና ቁጥር የለውም። የእህቴ "ኤስሲፒ90" ብሎ ይጀምርና ጥቂት ቁጥር ተከትሎት ያልቃል።

የመጀመሪያው ሻጭ ሞዴሉንም አልጠየቀኝ። "ቪትዝ? ሁሉም አንድ ነው ወንድሜ፣ አራት ብሎን!" እውነቱን ነው፣ አራት ብሎን ነው። በተቃራኒ ብሎኖች መካከል ያለው ርቀትም 100 ሚሊሜትር ነው። ግን አራት ብሎንና 100 ሚሊሜትር የብዙ ትናንሽ መኪናዎች ልክ ነው። ቸርኬው ይገጥማል ማለት ሀቡ ይገጥማል ማለት አይደለም። ይህን ያወቅኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ጋራዥ ስመለስ ልጁ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከፊት መንታ ናቸው። ገለበጣቸው። የእህቴ ሀብ ጀርባው ላይ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሽቦ የሚሰካበት አለው፤ የኔው ግዢ ባዶ ነው። "ብገጥመው ይዞራል። ግን ዳሽቦርዱ ላይ የኤቢኤሱ መብራት ይበራብሃል፣ ኤቢኤሱም አይሠራም" አለኝ። ሻጩ ጋ ብመለስ "የተሸጠ አይመለስም"። ዲያስፖራነቴ ግንባሬ ላይ ተጽፏል መሰለኝ።

በማግስቱ አሮጌውን በፌስታል ይዤ ሌላ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ገና ሳልናገር "አሮጌው የታለ?" አሉኝ። ጨርቅ አንስተው ጠረጉት። "ፎር ዊል ነው?" ሲሉ አይደለም አልኳቸው። የፎር ዊሉ ሀብ መሃሉ ላይ አክስል የሚገባበት ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለው፣ ከዚህኛው ጋር አይገናኝም። ከዚያ በካሊፐር የመሃሉን ክብ ለኩ፣ ሶኬቱን ከሶኬት አስተያዩ። ሦስት አወጡልኝ። የመጀመሪያውን ጆሯቸው ጋ አስጠግተው አሽከረከሩትና "አሸዋ ገብቶታል" ብለው ወረወሩት። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ተቀጥቅጧል። "ይሄ በመዶሻ ነው የወጣው፣ ውስጡ ተመቷል።" ሦስተኛው ዝም ብሎ ዞረ። የብሎኖቹን ጥርስ በጣታቸው ዳብሰው ሰጡኝ። "ካልገጠመ አምጣው" አሉና ደረሰኙ ላይ ጻፉልኝ።

ዋጋ አልጽፍም፣ በሳምንቱ ይቀየራል። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ጠግኖ መንዳት ግድ ሆኗልና ገበያው ደርቷል። እኔ ግን ኦሪጅናል አዲስ ባገኝ ኖሮ አዲሱን ነበር የምገዛው። ያገለገለ ኩሽኔታ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ አይናገርም።

ለጋራዡ ልጅ ከአምስት አምስት፣ ለሽማግሌውም አምስት። ለመጀመሪያው ሱቅ ምንም። የእሱ ሀብ እህቴ ቤት አለ፤ የሳሎኑን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ይዟል።